የሰኪና የጓዳ ባሕር

በክፉ ሰው መናደድ ቀላል ነው፤ አገር ያግዝሃል። በደግ ሰው የተናደደ ግን ብቻውን ይቀራል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በአንዲት ደግ ሴት ተናድጄ ክረምቱን ጨርሻለሁ፤ ይኸው መስከረም ጠብቶም አልበረደልኝም። የማውቃቸው ሰዎች «ለባሕር ትል ብለው ነው እንዲህ የሚንጨረጨሩት?» ይሉኛል። ለትሉ አይደለም። ለሰኪና ነው።

ሰኪና እዚህ አሰላ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ መድኃኒት ቤት አላት። ከፊት ሱቁ ነው፣ ከኋላ ግቢውና መኖሪያዋ። የግፊት ክኒኔን የምወስደው ከእሷ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ከሱቋ ደጃፍ ካለችው አግዳሚ የሚሻል መቀመጫ ስላላገኘሁ ኑሮዋን ከሞላ ጎደል አውቃለሁ። አጭር፣ ቀልጣፋ፣ ቶሎ የምትቆጣ ሴት ናት። ያለ ሐኪም ወረቀት መድኃኒት የሚጠይቅ ሲመጣ «ማነው ይህን ውሰድ ያለህ?» ትለዋለች። «ጎረቤቴ» ካለ፣ «እንግዲያው ጎረቤትህ ይስጥህ» ብላ ወደሚቀጥለው ሰው ትዞራለች። በዚህ የሚጠሏት አሉ። እኔ የምወዳት በዚሁ ነው።

ባሏ ቱሳ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በተጋቡ ሰሞን ጋቢና አስቀምጦ እስከ ወደቡ ወሰዳት። እሷ የዲክሲስ ገበሬ ልጅ ናት፤ ከገብስ ማሳ በቀር ሰፊ ነገር አይታ አታውቅም። ታዲያ ከሁሉ የገረማት የባሕሩ ስፋት አልነበረም፤ ስፋቱንማ ጠብቃው ነበር። አንድ ዓሣ አጥማጅ በጀልባው ይዟቸው ወደቡ ጫፍ ካለ አሮጌ የጀልባ ማቆሚያ መድረክ ሥር ገባ። ፀሐይ የማይደርስበት፣ ውሃው የጠቆረበት ቦታ ነው። ባትሪውን ሲያበራ ምሰሶው ላይ ብርቱካንማ አበባ ተለጥፎ አየች። «በዚህ ጨለማ አበባ እንዴት በቀለ?» ብላ ጠየቀች። ሰውዬው ሳቀባት። «አበባ አይደለም፣ እንስሳ ነው። ይበላል።» ያች «ይበላል» የምትለው ቃል ከሆዷ አልወጣችም።

ከዓመታት በኋላ ቱሳ በጉበት ሕመም ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ሐዘኑ ሳይወጣ የባሏ ዘመዶች ተሰበሰቡ፤ በእኛ አገር የሟች ወንድም መበለቲቱን የሚወርስበት የቆየ ልማድ አለና ታናሽ ወንድሙን አቀረቡላት። «ብቻሽን እንዳትቀሪ አዝነንልሽ ነው» አሏት። «እኔ ያገባሁት ቱሳን ነበር፤ እሱም ሞቷል» አለች። እነሱም ልማዱን ተዉት፤ ማዘኑን ግን አልተዉትም።

በተለይ ከዲጃ። ከዲጃ የቱሳ ታላቅ እህት ናት፤ ብዙ ልጅ ያሳደገች፣ እጇ የማይሰስት፣ ሰፈር ውስጥ የታመመ ሲኖር ቀድማ የምትደርስ። ክፋት የለባትም፤ ይህን የምለው ላመሰግናት አይደለም። «ብቻዋን ሴት ናት፣ አንድ ነገር ብትሆንስ?» ብላ የሰኪናን ቤት ቁልፍ አስቀረጸች። ከዚያ ወዲያ ሲያሻት ትገባለች። መጋረጃ ትገልጣለች፣ ወንበር ታዛውራለች፣ ያረጀ የመሰላትን አውጥታ ትጥላለች። አንድ ቀን ሰኪና ገላዋን ስትታጠብ ከዲጃ የገንፎ ሳህን ይዛ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ሰኪና ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው፤ ክኒኔን ግን ካዘዝኳት በላይ ቆረጠች።

አንድ በጋ ላይ «ጋሼ፣ ባሕር ላስገባ ነው» አለችኝ።

«የት ልትሄጂ?»

«የትም። እዚሁ፣ ጓዳዬ ውስጥ።»

ጓዳዋ ካርቶን የሚከመርበት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ካርቶኑን አውጥታ ወለሉን አጠበች። አዳማ ያለ መስታወት ቆራጭ በሲሊኮን የተጣበቀ ገንዳ ሠራላት፤ ትልቅ አይደለም፣ አንድ የእህል ማዳበሪያ ከረጢት ቢጋደም ያህል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በፈቃድ የባሕር እንስሳት ከሚያስመጣ ነጋዴ የባሕር ጨው ገዛች። የወጥ ጨው አይሆንም፤ ይኼ የባሕሩን ማዕድን ሁሉ አሟልቶ የተቀመመ ነው። ውሃውን አጣርታ፣ ጨዉን በጥብጣ፣ ክብደቱን ለካች፤ ማሞቂያ ከተተችበት፣ የአሰላ ብርድ ለእኛም አይመች እንኳን ለጅቡቲ ፍጥረት። ማዕበል የምትሠራ ትንሽ ሞተር አጠመደች። ከዚያ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ አስገብታ ቁጭ አለች። ውሃው ደፈረሰ፤ ቀጥሎ ሸተተ። እኔም አላገጥኩባት።

«ድንጋይ ነው እንዴ የምታስታምሚው?»

«ድንጋዩ ላይ የማይታይ ነገር እየተወለደ ነው፣ ጋሼ። እሱ ካልቀደመ የሚመጣው እንስሳ በገዛ ሽንቱ ይሞታል። ሰውስ ያለ ሽንት ቤት ከተማ ቢገባ ምን ይሆናል?»

ውሃው ጠራ። እንስሳውን ከዚያው ነጋዴ ገዝታ በክትባት ማመላለሻ ሳጥን፣ ጭኗ ላይ አድርጋ በሚኒባስ አመጣችው። ኮራል ይባላል። ብዙዎቹ የኮራል ዘሮች ሥጋቸው ውስጥ ደቂቅ አትክልት አለ፤ አትክልቱ ከብርሃን ምግብ ያበስልላቸዋል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ኃይለኛ መብራት ይፈልጋሉ። መብራት በሚመጣበትና በሚሄድበት ከተማ ያን ማሰብ እብደት ነው። የሰኪናዎቹ አብሳይ የላቸውም። ብርሃን ለእነሱ ምንም አይደለም፤ በአፋቸው ይይዛሉ፣ በአፋቸው ይውጣሉ። እሷ የመረጠቻቸውም ለዚሁ ነው። አንዲት ደብዛዛ አምፖል አለች፤ እሷም ለሰኪና ዓይን እንጂ ለእነሱ አይደለችም።

የመጀመሪያዎቹን ገደለቻቸው። የገደለቻቸው ባለማወቅ ነው፤ አንድ አካል ስለሚመስሉ ከላይ ያሉትን ካበላሁ ለሥረኞቹም ይደርሳል ብላ ገመተች። አይደርስም። እያንዳንዱ አፍ ለየራሱ ነው። ሁለተኛዎቹን በስሪንጅ፣ አፍ በአፍ፣ እንደ ሕፃን ማጉረስ ያዘች። የዝዋይ ዓሣ እንደ ዱቄት ትፈጫለች፤ በላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ከእንቁላል የምትፈለፍላቸው፣ ዓይን በጭንቅ የሚያያቸው የባሕር ነፍሳትም አሏት። ብዙ ማጉረስ ውሃውን ያበላሻል፤ ስለዚህ ግማሹን እየቀዳች ሁልጊዜ ትለውጣለች።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁን ዘግታ ጠራችኝ። በሩን ዘጋን። ከድንጋዩ ሥር የተለጠፈው ነገር የደረቀ ቁስል ነበር የሚመስለው። የዓሣውን ጭማቂ ጠብ አደረገችና «ዝም ብለው ይጠብቁ» አለችኝ። ጠበቅሁ። ቁስሉ እብጥ አለ፤ እብጠቱ ተሰነጠቀ፤ ከእያንዳንዱ ስንጥቅ ብጫ ጣቶች ወጥተው ተዘረጉ። ምን ልበላችሁ፣ ሰማንያ ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ በዚያች ጓዳ ውስጥ አፌን ከፍቼ ከእነሱ እኩል ቀረሁ። ሰኪና ስሪንጇን ይዛ አንዱን ሳትዘል ታጎርሳለች። እንደዚያን ቀን ፊቷ ረግቶ አይቼው አላውቅም። ማንም ወንበሯን አያዛውርም፣ ማንም አያዝንላትም። በዚያ ቤት ውስጥ ከዲጃ ያልገባችበት አንድ ቦታ ያ ጓዳ ብቻ ነበር፤ ስለሚሸታት።

እኛ ብርሃንን ከመልካም ነገር ሁሉ ጋር አጋብተነዋል። የየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተጽፏል፣ እኔም ለስንት ዓመት ከዚያ ግድግዳ ሥር አስተምሬአለሁ። ጨለማ ውስጥ ያለ ሁሉ ተረስቶ፣ ታስሮ፣ ታሞ ነው ብለን እንጀምራለን። ይመቸው ይሆን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ክረምት ገባ። መብራት ሲጠፋ ሰኪና ሞተሯን በመኪና ባትሪ ታስነሳለች፣ ገንዳውን ደግሞ ከላይ እስከ ታች በብርድ ልብስ ትጠቀልለዋለች። የብርሃን ባለ ዕዳ ስላልሆኑ እንዲህ ማድረግ ይቻላል፤ ሙቀታቸውን ይዘው ይቆያሉ። እንዲያ እንደተጠቀለለ ዲክሲስ ያለች አክስቷ ሞተችና ለቅሶ ሄደች። ከመሄዷ በፊት አጎረሰቻቸው፤ ለከዲጃም ደውላ «ጓዳዬን እንዳትነኪ» አለቻት። ከዲጃ «እሺ» አለች።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ከዲጃ ራሷ ናት የተናገረችው። ቁልፏን ይዛ መጣች። ሁለት ሳምንት ዘንቦ ዘንቦ የዚያን ዕለት ፀሐይ ወጥታ ነበር። ጓዳውን ከፈተች፤ ጨለማ ውስጥ ብርድ ልብስ የለበሰ ገንዳ። ገለጠችው፤ ፍጥረቶቹ ተጨማደው ድንጋይ ላይ ተኝተዋል። አዘነችላቸው። ልጆቿን ሁሉ በየማለዳው ቅቤ ቀብታ ፀሐይ ያሞቀች ሴት ናት፤ ፀሐይ ያላገኘ ሕፃን አጥንቱ እንደሚጣመም ጤና ጣቢያም ነግረዋታል። እንግዲህ ሰኪና ልጅ አላሳደገችም፣ ከየት ታውቀዋለች? የጎረቤት ሴቶች ጠራች። ገንዳው ሲከብዳቸው ውሃውን በጆግ ቀድተው ግማሹን ደፉት፤ ተሸክመው ግቢው መሃል አስቀመጡት። ውሃው ጎደለ፤ ከቧንቧ ሞሉት። ከዲጃም ፊት ለፊቱ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችላቸው፣ ዶሮ እንዳይነካቸው።

ሰኪና ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። እኔ ጩኸት ሰምቼ በሱቁ በኩል ስገባ ገንዳው ውስጥ እጇን ከትታ ቆማለች። ብርቱካኑ ሥጋ ከድንጋዩ እየለቀቀ እንደተበላሸ ሙዳ ይንሳፈፋል። ጣቷን ላሰችው።

«ምን ጨመርሽበት?»

«ጨው ነዋ!» አለች ከዲጃ፣ ደስ ብሏት። «የጨው ውሃ መሆኑን ረሳሁ እንዴ? አዮዲን ያለበትን ነው የጨመርኩት፣ ጥሩውን።»

«ውጪ።»

«ምን?»

«ከቤቴ ውጪ!»

«ከወንድሜ ቤት? እኔን?» ከዲጃ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ያ ረቢ! ላድንልሽ ብዬ ጠዋት ሙሉ ፀሐይ እያቃጠለኝ...»

«ውጪ አልኩሽ! ማን አድኚ አለሽ? ማን ጠራሽ?»

ጎዳናው ሰማ። ከዲጃ እያለቀሰች ወጣች፤ አንድ ትልቅ ሴት እያለቀሰች ከወንድሟ ቤት ስትወጣ ያየ ሰው ምን እንደሚል አሰላን ለሚያውቅ መንገር አያስፈልግም። ማንም ገንዳውን አላየም። ሰኪና ጫማዋን ሳታወልቅ አዲስ ውሃ ስትበጠብጥ፣ የሞተውን በምላጭ ከሕያው ስትለይ፣ አጠገቧ የነበርኩ እኔ ነኝ፤ እኔም ከባልዲ ማቀበል በቀር የረባሁት ነገር የለም። አንዲት ቃል ነው የተነፈሰችው። «እሺ ብላኝ ነበር።»

አራራ ተጠራ፤ እርቅ ማለት ነው። ሽማግሌ ሆነን የተቀመጥነው ሐጂ ለሊሳ፣ ከግብርና መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣው ኢታና፣ እና እኔ ነን። ቦታው የሰኪና ሳሎን ነበር። ሐጂ ዱዓ አድርገው ከፈቱ። ከዲጃ ነገሯን ከላይ የጻፍኩትን ያህል ተረከች፤ ጨዉ ላይ ስትደርስ አለቀሰች። ሐጂም ጢማቸውን እየዳሰሱ ወደ ሰኪና ዞሩ።

«ልጄ፣ ኒያዋ፣ የልብ ሐሳቧ፣ ደግ ነው። ሥራ ደግሞ የሚመዘነው በኒያ ነው። በይ አውፍ በያት፣ ይቅር በያት።»

«ሐጂ፣ ኒያዋን አላህ ይመዝነው፤ የእሱ ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ በሬ ነው።»

«ካሳ ነው የፈለግሽው?»

«ካሳ አልፈለግሁም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«እንድታንኳኳ።»

ኢታና ሳቁ አመለጠው። «ጌታ ይባርክሽ፣ ለማንኳኳት ነው ሥራ አስፈትተሽ የሰበሰብሽን?»

ከዲጃ ግን አልሳቀችም። ከምር ተቆጣች። «በወንድሜ ቤት በር ላይ ቆሜ ላንኳኳ? እኔ ባዳ ነኝ? ሌባ ነኝ?»

«ሌባማ ቢሆኑ ጥሩ ነበር፣ አዴ ከዲጃ!» አልኩ፤ ድምፄ እንዲያ የሚወጣ አልመሰለኝም። «ሌባ እንኳ ከመግባቱ በፊት ጆሮውን በሩ ላይ አድርጎ ሰው አለ የለም ብሎ ያዳምጣል። ሰተት ብሎ የሚገባ ደግ ሰው ብቻ ነው!»

«አንተ ሰው፣» አሉ ሐጂ፣ «ልታስታርቅ ነው የመጣኸው ወይስ ልታጋጥም?»

«አውፍ በይ አልላትም። እናንተ በሏት።»

«አሁን ሴትዮዋ ምን አጠፋች? አዘነች እኮ ነው!» አሉ ሐጂ።

«ማን እዘኚ አላት?» አልኩ።

ሐጂ አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ከሁለቱ ሴቶች ይልቅ በእኔ እንዳፈሩ ታወቀኝ። የሽማግሌ ወግ ይኸው ነው፤ ያለቀሰው ይካሳል፣ ያላለቀሰው ይመከራል። ሰኪና አላለቀሰችም። ስለዚህ ጥፋተኛዋ እሷ ናት። በዚህች አገር ስንቱ በደል በዚህ ሚዛን እንዳለፈ ሳስብ ደሜ ይፈላል፤ የምውጠው ክኒን ምን ሊያደርግልኝ ነው?

ሰኪና ተነሳች። «የሚበሉበት ሰዓት ደርሷል። ማየት የፈለገ ይምጣ።»

ግራ እየገባን ተከተልናት። ጓዳው ውስጥ ዱካ ላይ ተደረደርን፣ በሩን ዘጋችው። ሐጂ አሳላቸው። ኢታና «እኔ ምንም አይታየኝም» አለ። «ይቆዩ» አለችው። ደብዛዛዋን አምፖል አበራች። ከድንጋዩ አንዱ ጎን እንደ አጥንት ነጥቷል፤ የሞተው ነው። የዓሣውን ጭማቂ ጠብ አደረገች። ሰኪና ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም አፍ ተከፍቶ አላየችም ነበር። እኔ ይህን ስለማውቅ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ሌሎቹ መብራት እንደጠፋባቸው ሰዎች ተቁነጠነጡ። ብዙ ቆየን። ከዚያ በተረፈው ጎን፣ ከታች፣ አንዲት እብጠት ስንጥቅ አለች። ብጫ ጣት ብቅ አለ። ከዚያ ጎረቤቷ። ሰኪና ስሪንጇን በሁለት እጇ ይዛ አስጠጋችው።

«ሱብሃነላህ» አሉ ሐጂ፣ በሹክሹክታ።

ከዲጃ ወደ መስታወቱ ተጠጋች። «ይኼ ሁሉ አፍ ነው?»

«አፍ ነው።»

«በዚህ ጨለማ ውስጥ...»

«ይኖራሉ። ይበላሉ።»

ከዲጃ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። እኔም፣ ሞኙ፣ ገባት ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ከልቧ ራርታ እንዲህ አለች፦ «ደስ ሲሉ፣ ማሻአላህ። እንዲያው በማለዳ ብቻ፣ ለትንሽ፣ ፀሐይ ቢነካቸው ኖሮ...»

ሰኪና ስሪንጇን አስቀመጠች። መዳፏን ዘርግታ በዚያች ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ከዲጃ ፊት ያዘችው።

«ቁልፉን።»

ከዲጃ ወደ ሐጂ አየች፤ ሐጂ ወደ ገንዳው አዩ። ብዙ ቆይቶ የሻርፗ ቋጠሮ ሲፈታ ተሰማ። ቁልፉ ሰኪና መዳፍ ላይ ወደቀ። ሐጂ ወዲያው «አልሐምዱሊላህ፣ በሉ እንግዲህ ታርቃችኋል!» ብለው በሩን ከፈቱ፤ ኢታናም «አሜን» አለ፣ ከዚያ ቤት ለመውጣት ቸኩሎ። ታርቃችኋል! ማን ከማን ጋር? አውፍ ያለ ሰው አልሰማሁም።

ከሳምንት በኋላ ሰኪና ጓዳዋ ውስጥ ነበረች፤ እኔ የግቢው ደረጃ ላይ ፀሐይ እሞቅ ነበር። ከዲጃ የተሸፈነ ሳህን ይዛ መጣች። ሰላም አላለችኝም። የቤቱ በር ላይ ደርሳ እጀታውን ጨበጠችው፤ አልከፈት አላት። ወደ እኔ አየች፣ እኔም አየኋት። ከዚያ በመዳፏ፣ ዱቤ ለመጠየቅ እንደመጣ ሰው ሳይሆን ቤት ሊፈትሽ እንደመጣ ሰው፣ በሩን ደበደበችው።

«ማን ነው?» አለች ሰኪና ከውስጥ።

«ማን ይሆናል? ከዲጃ ነኝ!»

«እያበላሁ ነው። ነገ ነይ።»

ከዲጃ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። «ሰሙ? ነገ ነይ አለችኝ። እኔን! ያውም ገንፎ ይዤ!»

«ሰምቻለሁ» አልኳት።

በኦሮምኛ እየተራገመች፣ ማንን እንደሆነ ሳትለይ፣ ሳህኑን ይዛ ተመለሰች። በማግስቱ መጣች። አንኳኳች። ሰኪና ከፈተችላት፤ ሳህኑን ተቀበለቻት፤ አውፍ ግን አላለቻትም። እኔም አላልኩም።